የወንድምን ሥራ በበጎ መተርጎም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ኀጢአት በሦስት መንገድ እንደሚሠራ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፤ በሐልዮ (በማሰብ)፣ በነቢብ (በመናገር) እና በገቢር (በመሥራት)። ከሦስቱ ብዙ ጊዜ ንስሓ የማንገባበት የመጀመሪያው ነው፤ ከዚያም ውስጥ ሳናስተውለው የሚያልፈው በሰው ላይ ክፉ መጠርጠር ነው። የሰረቀ ሰው መስረቁን ያውቃል፤ የተሳደበም መሳደቡን ያውቃል። ወንድሙን ያለ ማስረጃ የጠረጠረ ግን ራሱን እንደ አስተዋይ እንጂ እንደ በደለኛ አይቆጥርም። ቅዱስ ጳውሎስ ክፉ ጥርጣሬን ከቅናት፣ ከክርክርና ከስድብ ጋር አብሮ መቁጠሩን ልብ ይሏል (1ጢሞ. 6፥4)። በዚህ ጽሑፍ የሰውን ሥራ በበጎ መተርጎም ምን ማለት እንደ ሆነ፣ መሠረቱን፣ ከመጽሐፍ ቅዱስና ከቅዱሳን ታሪክ ምሳሌዎቹን፣ ድንበሩን፣ እንዲሁም በዕለት ተዕለት ኑሯችን የሚፈጸምበትን መንገድ እንመለከታለን።

በበጎ መተርጎም ምን ማለት ነው?

ሰው የሚያየው የሌላውን ሥራ ነው፤ ሥራው የተሠራበትን ሐሳብ ግን አያይም። አንድ ወዳጃችን ሰላምታ ሳይሰጠን ቢያልፍ ያየነው ማለፉን ብቻ ነው። «ንቆኝ ነው» የሚለውን የጨመርነው እኛ ነን። «ሐሳብ ይዞት ይሆናል፤ አላየኝም ይሆናል» የሚለውም ቢሆን የእኛ ጭማሪ ነው። ሁለቱም ትርጓሜዎች ናቸው። በበጎ መተርጎም ማለት እውነቱ እስኪታወቅ ድረስ ከሁለቱ የተሻለውን መያዝ፣ የከፋውን ደግሞ ያለ ምስክር አለመቀበል ነው።

ይህን ለመረዳት የሊቃውንቶቻችንን የጉባኤ ቤት ልማድ ማስታወስ ይጠቅማል። በአንድምታ ትርጓሜ መምህሩ አንዱን ንባብ በአንድ መንገድ ከፈታ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላ ምሥጢር ያወጣል፤ እንደ ገናም «አንድም» ይላል። ንባቡ አንድ ሲሆን ፍቺው ይበዛል። ተማሪውም መጀመሪያ የመጣለትን ፍቺ ብቻ ይዞ መጽሐፉን እንዳይዘጋ ይማራል። ለአንድ ንባብ ይህን ያህል ትዕግሥት ካለን፣ በእግዚአብሔር አርአያ ለተፈጠረ ሰው ሥራ እንዴት እንነፍገዋለን? ወንድማችን ለአገልግሎት ዘግይቶ ቢመጣ ቸል ብሎ ይሆናል፤ አንድም ሕመምተኛ ሲያስታምም አድሮ ይሆናል፤ አንድም የሚሳፈርበት አጥቶ ይሆናል። እንዲህ ብሎ የሚያስብ ሰው እውነቱን ገና አላገኘም፤ ነገር ግን ያላወቀውን እንደሚያውቅ አድርጎ አልፈረደም።

መሠረቱ

የዚህ ትምህርት የመጀመሪያ መሠረት ልብን የሚመረምር እግዚአብሔር ብቻ መሆኑ ነው። ነቢዩ ሳሙኤል ከእሴይ ልጆች መካከል ንጉሥ ሊቀባ በሄደ ጊዜ ኤልያብን አይቶ የተመረጠው እርሱ መስሎት ነበር። እግዚአብሔር ግን በውጭ የሚታየውን መመልከት የሰው ልማድ፣ ልብን ማየት ግን የራሱ የባሕርይ ገንዘቡ እንደ ሆነ አስረዳው (1ሳሙ. 16፥7)። ነቢይ እንኳ በመልክ ሊሳሳት ከቻለ እኛ ምን ያህል መጠንቀቅ ይገባናል! ቅዱስ ጳውሎስም ጌታ መጥቶ በጨለማ የተሰወረውን እስኪያበራ፣ የልብንም ምክር እስኪገልጥ ድረስ ያለ ጊዜው እንዳንፈርድ ያዘናል (1ቆሮ. 4፥5)።

ሁለተኛው መሠረት የእግዚአብሔር ሥርዐተ ፍርድ ነው። የሰዶምና የገሞራ ጩኸት ወደ እርሱ በደረሰ ጊዜ፣ ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ወርዶ ነገሩ እንደ ጩኸቱ መሆን አለመሆኑን እንደሚያይ ለአብርሃም ተናግሯል (ዘፍ. 18፥20-21)። ይህን ማለቱ የማያውቀው ነገር ኖሮ አይደለም፤ ከፍርድ በፊት መመርመር እንደሚገባ ሰውን ሲያስተምር ነው። የሚያውቀው ከመረመረ፣ የማናውቀው እኛ ሳንመረምር እንዴት እንፈርዳለን?

ሦስተኛው መሠረት ፍቅር ነው። ሐዋርያው የፍቅርን ጠባያት ሲዘረዝር በደልን የማይቈጥር፣ ሁሉን የሚያምን፣ ሁሉን ተስፋ የሚያደርግ መሆኑን ገልጧል (1ቆሮ. 13፥5-7)። ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ የሆነው ማር ይስሐቅም የልብን ንጽሕና ሲያስረዳ ሰውን ሁሉ በበጎ ከማየት ጋር ያያይዘዋል። ይህም ከአባቶቻችን ብሂል ጋር ይስማማል። «ሌባ እናት ልጇን አታምንም» ይባላልና፣ ብዙ ጊዜ በሌላው ላይ የምናየው ክፋት በራሳችን ልብ ያለውን የሚያሳይ መስተዋት ነው።

አንዱ ጠየቀ፣ ሌላው ሳይጠይቅ ፈረደ

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ጎን ለጎን ሊነበቡ የሚገባቸው ሁለት ታሪኮች አሉ። የመጀመሪያው በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 22 ላይ ይገኛል። የሮቤልና የጋድ ነገዶች የምናሴም ነገድ እኩሌታ ከወንድሞቻቸው ጋር ዘምተው ከጨረሱ በኋላ፣ ወደ ርስታቸው ወደ ዮርዳኖስ ማዶ ሲመለሱ በወንዙ አጠገብ ታላቅ መሠዊያ ሠሩ። ወሬው ለቀሩት እስራኤል ሲደርስ ሁሉም በሴሎ ለጦርነት ተሰበሰቡ። ጥርጣሬያቸው ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ሕጉ ከአንዱ መሠዊያ በቀር ሌላ አይፈቅድም፤ በፌጎር የሆነው መቅሠፍትና የአካን በደል በሕዝቡ ላይ ያመጣው ቍጣም ገና ከኅሊናቸው አልጠፋም።

ነገር ግን ከሰይፍ በፊት መልእክተኛ ላኩ። የካህኑ የአልዓዛር ልጅ ፊንሐስ ከዐሥር አለቆች ጋር ሄደ። ንግግራቸው ብርቱ ተግሣጽ ነበረበት፤ ሆኖም ምድራቸው ረክሳባቸው እንደ ሆነ መጥተው ከእነርሱ ጋር ርስት እንዲካፈሉ ግብዣ ጨመሩበት። የተጠረጠሩትም መለሱ፤ መሠዊያውን የሠሩት መሥዋዕት ሊሠዉበት እንዳልሆነ፣ ወንዙ ድንበር ሆኖ ወደ ፊት የእነዚያ ልጆች የእነዚህን ልጆች «በእግዚአብሔር ዘንድ ድርሻ የላችሁም» እንዳይሏቸው ፈርተው ለምስክርነት ያቆሙት እንደ ሆነ አስረዱ። የመለያየት ምልክት የመሰለው መሠዊያ የአንድነት ምልክት ነበር! ፊንሐስና አለቆቹ ይህን ሰምተው ደስ አላቸው፤ ጦርነቱም ቀረ።

ሁለተኛው ታሪክ በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 10 ላይ ተጽፏል። የአሞን ንጉሥ ናዖስ በሞተ ጊዜ ዳዊት አባትየው ያደረገለትን ቸርነት አስቦ ልጁን ሐኖንን የሚያጽናኑ ሰዎች ላከ። የአሞን አለቆች ግን ሰዎቹ ከተማይቱን ሊሰልሉ የመጡ እንደ ሆኑ ለንጉሣቸው ነገሩት። ሐኖን አልጠየቀም፤ የመልእክተኞቹን ጢም እኩሌታ አስላጭቶ፣ ልብሳቸውን እስከ ወገባቸው አስቆርጦ ሰደዳቸው። ዳዊትም አፍረው ስለ ነበር ጢማቸው እስኪያድግ ድረስ በኢያሪኮ እንዲቆዩ አዘዛቸው። ከዚያ በኋላ የሆነው ጦርነት ነው።

ሁለቱን አስተያዩ። እስራኤል ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ ጠየቁ፤ ሰላም ሆነ። ሐኖን ምክንያት አልነበረውም፤ የሰው ለቅሶ ሊደርሱ የመጡትን አዋረደ፤ ሕዝቡንም ለሰይፍ ዳረገ። በዚያም ውስጥ ሦስቱ የኀጢአት መንገዶች በተራ ይታያሉ፤ ጥርጣሬው በአለቆቹ ልብ ሐልዮ ነበር፤ ለንጉሡ ሲነግሩት ነቢብ ሆነ፤ ምላጩ ሲነሣ ገቢር ሆነ።

ደጋጎችም በዚህ ተፈትነዋል። መልእክተኞቹ በከንቱ የተጠረጠሩበት ዳዊት ራሱ ከአቤሴሎም ፊት በሸሸ ጊዜ፣ ሲባ በጌታው በሜምፊቦስቴ ላይ የነገረውን የክዳት ወሬ ሌላውን ወገን ሳይሰማ ተቀብሎ የሜምፊቦስቴን ሀብት ሁሉ ለከሳሹ ሰጠው (2ሳሙ. 16፥1-4)። በኋላ ሁለት እግሩ ሽባ የነበረው ሜምፊቦስቴ አገልጋዩ እንዳታለለው ሲያስረዳ፣ ዳዊት ርስቱን ለሁለቱ ከማካፈል በቀር አልፈረደለትም (2ሳሙ. 19፥24-30)። ካህኑ ዔሊም ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ድምፅዋ ያልተሰማውን ሐናን ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። እርስዋ ግን በትሕትና ኀዘንዋን ነገረችው፤ እርሱም ስሕተቱን አልደበቀም፤ ባረካት እንጂ (1ሳሙ. 1፥12-17)። የዔሊ ምሳሌነት የተሳሳተ ግምት ለያዘ ሰው ሁሉ ነው፤ እውነቱን ሲሰማ ወዲያው ፍርዱን ወደ በረከት ለውጧልና።

ቃል ከወጣ በኋላ

«ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» የሚለው ብሂል የሚያስተምረው በእኔም ደርሷል። ከዓመታት በፊት በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ሳገለግል ለመንፈሳዊ ጉዞ የተሰበሰበ ገንዘብ በአንድ ወንድም እጅ ነበር። ገቢ መደረግ የነበረበት ቀን አለፈ፤ እኔም ደረሰኝ አላየሁም። እርሱን መጠየቅ ሲገባኝ ለሁለት የአገልግሎት ጓደኞቼ «ያ ገንዘብ ምን ሆነ?» አልኋቸው። ያልሁት ይህን ብቻ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን የዚያ ወንድም ስም ሲነሣ ሰዎች እርስ በርስ ይተያዩ ጀመር። ገንዘቡ በተሰበሰበ በማግሥቱ ገቢ ሆኖ ደረሰኙ በሒሳብ ሹሙ ዘንድ ተቀምጦ ነበር።

ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ይቅርም አለኝ። ለሁለቱ ጓደኞቼ እውነቱን ነገርኋቸው፤ እነርሱ የነገሯቸውን ሁሉ ግን ማግኘት አልቻልሁም። ያ ወንድም አገልግሎቱን አልተወም። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ የማኅበር ገንዘብ እንዲይዝ ሲጠየቅ «ለሌላ ስጡት» ይላል። እኔ የተናዘዝሁበትን በደል እርሱ እስከ ዛሬ ይሸከመዋል።

በስንክሳር የሚነገረው የቅድስት እንባ መሪና ታሪክ ከዚህ የበረታ ነው። ይህች ቅድስት ሴትነቷን ሰውራ በወንዶች ገዳም እንደ መነኮስ ስትኖር፣ አንዲት ልጅን አስረግዘሃል ተብላ ተከሰሰች። ራሷን ነጻ የሚያወጣውን ምሥጢር ሳትገልጥ ከገዳም መባረርን፣ ሕፃኑን ማሳደግንና ከባድ ቀኖናን ተቀበለች። እውነቱ የታወቀው ስታርፍ ሥጋዋን ሊገንዙ በቀረቡ ጊዜ ነው። መነኮሳቱ አለቀሱ፤ ይቅርታ የሚጠይቋት ግን ዐርፋለች። ለእርስዋ ትዕግሥቷ አክሊል ሆናት። ለፈራጆቹ ግን ታሪኩ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ማስረጃው የተሟላ የመሰላቸው ክስ ሐሰት ነበርና።

በበጎ መተርጎም ድንበር አለው

ይህን ትምህርት አንዳንዶች ክፉን ለመሸፈን ሊጠቀሙበት ስለሚችሉ ድንበሩን መለየት ያስፈልጋል።

አንደኛ፤ በበጎ መተርጎም የሚሠራው ባልታወቀው ሐሳብ ላይ እንጂ በታወቀው ሥራ ላይ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በአንጾኪያ ቅዱስ ጴጥሮስን በፊቱ በተቃወመው ጊዜ የተናገረው ሁሉ ያየውን ሥራ ነው (ገላ. 2፥11-14)። ጌታችንም ሐሰተኞች ነቢያትን ከፍሬያቸው እንድናውቃቸው አስተምሯል (ማቴ. 7፥15-20)። የተሳሳተ ትምህርት የተሳሳተ ነው፤ መምህሩ በቅንነት ቢያስተምረውም ይታረማል።

ሁለተኛ፤ ደካማ ሲጎዳ «በጎ አስብለት» ማለት ፍቅር አይደለም። ሕፃን ሲበደል፣ ሚስት ስትደበደብ፣ ሠራተኛ ደመወዙን ሲነፈግ መጀመሪያ የሚፈለገው ጉዳቱን ማስቆምና የተጎዳውን መጠበቅ ነው። የተበደለውን «አጥፊው እኮ ክፉ አስቦ አይደለም» እያሉ ዝም ማሰኘት ለአንዱ የተሰጠውን በጎ ግምት ከሌላው መንጠቅ ነው። አቤት የሚለውም ወንድማችን ወይም እኅታችን ነውና ቃሉ በበጎ ሊሰማ ይገባል።

ሦስተኛ፤ የሒሳብ ቁጥጥር ጥርጣሬ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተሰበሰበውን ርዳታ ብቻውን አልያዘም፤ ማንም እንዳይነቅፋቸው በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን በማሰብ የታመኑ ወንድሞች አብረው እንዲሄዱ አድርጓል (2ቆሮ. 8፥18-21)። የሙዳየ ምጽዋት ገንዘብ ሰዎች ባሉበት መቆጠሩ፣ ደረሰኝ መቆረጡና ሒሳብ መመርመሩ ታማኙን አገልጋይ ከሐሜት የሚጠብቅ አጥር ነው። ከላይ በነገርኋችሁ ታሪክም ደረሰኙ ባይኖር ኖሮ ያ ወንድም ራሱን የሚከላከልበት አልነበረውም።

አራተኛ፤ አንድን ሰው ለመጠርጠር እውነተኛ ምክንያት ቢኖርም የመመለሻው በር አይዘጋም። ሳውል አምኖ ወደ ኢየሩሳሌም በመጣ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ ፈሩት፤ አሳዳጅ ነበርና ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። በርናባስ ግን ይዞት ወደ ሐዋርያት ሄደ፤ ጌታን በመንገድ እንዳየና በደማስቆ በግልጥ እንዳስተማረም ነገራቸው (ሐዋ. 9፥26-27)። በርናባስ ዐይኑን ጨፍኖ አላመነም፤ የተለወጠውን ሰው አዲስ ሥራ ምስክር አድርጎ አቀረበ። በርናባስ ባይኖር ኖሮ ሳውል በደጅ ምን ያህል ይቆይ ነበር? ዛሬም ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሰው «ለምን መጣ?» ከሚሉት ይልቅ እጁን ይዞ የሚያስገባ አንድ በርናባስ ያስፈልገዋል።

በዕለት ተዕለት ኑሯችን

በቤተ ክርስቲያን አካባቢ ብቻ እንኳ በየሳምንቱ የምንፈተንባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። አስቀድሶ ያልቆረበ ምእመን፣ ከቅጽሩ ውጭ ቆሞ የሚጸልይ ሰው፣ በጾም ወራት ሲበላ የታየ ሰው፣ ከቅዳሴ በኋላ ማንንም ሳያነጋግር የሚሄድ ወጣት፤ እነዚህ ሁሉ የሚያውቁት ከእግዚአብሔርና ከንስሓ አባታቸው ጋር የሚነጋገሩት ምክንያት ሊኖራቸው ይችላል። በጾም ሲበላ ያየነው ሰው ሕመሙን ለንስሓ አባቱ ነግሮ የተፈቀደለት ይሆናል። በስልካችን ከሚደርሱን አጫጭር የስብከት ቁራጮችም ብዙዎቹ ከፊታቸውና ከኋላቸው የተቆረጡ ናቸው። የአንድን መምህር የሁለት ደቂቃ ንግግር ሰምቶ ሃይማኖቱን መጠራጠር የሐኖን አለቆች ሥራ ነው፤ ሙሉውን መስማትና ራሱን መጠየቅ የፊንሐስ።

ስለዚህ ጥርጣሬ ወደ ልባችን ሲመጣ በዚህ ቅደም ተከተል መሄድ ይረዳል።

• ያየነውን ከገመትነው እንለይ። «ያየሁት ምንድን ነው? የጨመርሁትስ?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ።

• ቢያንስ ሁለት ጊዜ «አንድም» እንበል። ለሥራው ሌላ ምክንያት ሊኖር እንደሚችል እናስብ፤ እኛ በዚያ ቦታ ብንሆን እንዲታሰብልን የምንፈልገውንም እናስታውስ (ማቴ. 7፥12)።

• ነገሩ የማይመለከተን ከሆነ እንተወው። የሚመለከተን ከሆነ ለሦስተኛ ሰው ከመናገራችን በፊት ባለቤቱን ብቻውን እንጠይቅ፤ ጌታችንም በመጀመሪያ ወንድምን ለብቻው ማነጋገር እንዲገባ አዟልና (ማቴ. 18፥15)። የሚጠየቀው ሰው ሊጎዳን ወይም ሌላውን ሊጎዳ የሚችል ከሆነ ግን ብቻችንን አንሂድ፤ ለሚመለከተው አካል እናሳውቅ።

• ስንጠይቅ ልንሰማ እንጂ ልንከስ አይሁን። «ለምን አደረግህ?» ከማለት «እንዴት እንደ ሆነ ንገረኝ» ማለት መልስ ያስገኛል።

• ከመልሱ በኋላ ተሳስተን ከሆነ እንደ ዔሊ እንመልሰው። ጥርጣሬያችንን የሰሙ ሰዎች ካሉም እውነቱን እንንገራቸው። ይቅርታ ለተበደለው ብቻ ተነግሮ ወሬው ባለበት ከቀረ በደሉ አልተካሰም።

• በንስሓ ጊዜ በሐልዮ የሠራነውን አንርሳ። ያለ ማስረጃ የጠረጠርናቸውን ሰዎች አስበን እንናዘዝ፤ ስማቸውንም በጸሎታችን እናንሣ። በየቀኑ የሚጸልዩለትን ሰው በክፉ መጠርጠር ይከብዳልና።

በዚህ መንገድ የሄደ ሰው አንዳንድ ጊዜ ሊታለል ይችላል። በጎ ያሰበለት ሰው ክፉ ሆኖ ሊገኝም ይችላል። ያን ጊዜ ሥራው በሥርዐቱ ይታረማል፤ በጎ ያሰበው ግን በእግዚአብሔር ፊት የሚያፍርበት የለውም። ንጹሑን ሰው በክፉ የፈረደበት ግን ያጠፋውን ስም መመለስ ይሳነዋል። የዮርዳኖስ መሠዊያ ዛሬም በየቤታችን፣ በየሰንበት ትምህርት ቤታችንና በየሰበካ ጉባኤያችን ይሠራል፤ ከማዶ ሲታይ የመለያየት ይመስላል። ከመዝመታችን በፊት ተሻግረን እንጠይቅ።

የልብን የሚያውቅ አምላካችን ቀና ልቡናን፣ የተጠበቀ አንደበትን ያድለን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።